ሁለት ጣት ትከሻ ላይ

እናቴን ጡረታ የወጣሽው መቼ ነው ብሎ የሚጠይቃት ሰው ሁልጊዜ የሚያገኘው አንድ መልስ ነበር። «ጡረታ አልወጣሁም፤ መብራት ጠፍቶ ነው» ትላለች። ጠያቂው ይስቃል። እሷ ግን አትስቅም፤ ቀልድ አልነበረምና።

ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወረድ ብሎ በነበረው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሸምናለች። የመጨረሻው ቀን የመጨረሻ መሆኑን የነገራት ሰው አልነበረም። እንደ ወትሮዋ የጠዋት ፈረቃ ገብታ፣ ማሽኗን አስነስታ፣ ግራጫ መደብ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ያለውን ብርድ ልብስ ከግማሽ በላይ አድርሳው ሳለ መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋት ለእኛ ከተማ ብርቅ አይደለም፤ ሴቶቹ ማሽናቸው ሥር ቁጭ ብለው የቋጠሩትን ቆሎ እየተቃመሱ ጠበቁ። ከሰዓት በኋላ ካቦው፣ ማለትም የሽመና ክፍሉ ተቆጣጣሪ፣ መጣና ለዛሬ ወደየቤታችሁ ግቡ፣ ሲስተካከል እናስጠራችኋለን አላቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ያስጠራቸው የለም። በሩ በሰንሰለት ታሰረ፤ ከወራት በኋላ ፋብሪካው መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ፤ ሴቶቹም በየፊናቸው ተበተኑ። እናቴ ደብዳቤውን አጣጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው፤ ያመነችበት ግን አይመስለኝም።

ያንገበገባት ሥራው መቅረቱ ብቻ አልነበረም። ሸማኔዎቹ የራሳቸው ወግ ነበራቸው። አንዲት ሴት ፋብሪካውን ለመጨረሻ ጊዜ ስትሰናበት፣ የጀመረችውን ብርድ ልብስ ራሷ ቆርጣ አታወርድም፤ ነውር ነው። የምትቆርጥላት ከግራዋ ባለው ማሽን ላይ የምትሠራው ጎረቤቷ ናት። ጎረቤቷ ከጫፉ ላይ አራት ጣት የሚሆን ቁራጭ ታወጣና በእጇ አንጓ ላይ ታስርላታለች። በዚያች ሰዓት የአዳራሹ ማሽኖች በሙሉ ይቆማሉ። መብራት እያለ፣ ካቦው እያየ፣ አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ። ተሰናባቿ ቁራጩን እንዳሰረች ልደታ ማርያም ደጅ ሄዳ ተሳልማ ነው ቤቷ የምትገባው። መንገድ ላይ ያዩዋት ሁሉ «ተቆረጠላት» ይባባላሉ፤ ወግ ማዕረግ አየች እንደማለት ነው። እናቴ ለአራት ሴቶች ቆርጣለች። ለእሷ የቆረጠላት የለም። ከግራዋ የነበረችው ባልንጀራዋ ቤቷ ፈርሶ፣ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷት ሄደች፤ እዚያው አረፈች።

ስለ ጆሮዋም ልናገር። ያ አዳራሽ ሲሠራ፣ አጠገብህ ያለ ሰው ጆሮ ውስጥ ብትጮህ አይሰማህም ነበር ይላሉ። ስለዚህ ሸማኔዎቹ የሚያወሩት በእጅ ነበር። ሁለት ቡጢ ገጥሞ መለያየት ድር ተበጠሰ ነው። መዳፍን ጉንጭ ላይ ማስደገፍ፣ እገሊት ዛሬ አሟት ቀርታለች ነው። ሁለት ጣት ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ ደግሞ ካቦ መጣ ነው፤ ድሮ ከወታደር ቤት የመጣ አንድ ካቦ ነበርና በማዕረጉ ምልክት ሰይመውት ቀረ። ያቺን ምልክት ያየች ሴት፣ ሐሜት ላይም ትሁን ለቅሶ ላይ፣ እጇን ሰብስባ፣ ወገቧን አቅንታ፣ ዓይኗን ድሩ ላይ ትተክላለች። የታለ ብላ ዞር ማለት የለም። በውሸት ማሳየትም የለም። በነገር ሁሉ የሚቀልዱት እንኳ በእሷ ምልክት አይቀልዱም ነበር፤ የሰው እንጀራ ያለባት ምልክት ናት።

የእናቴ ጆሮ ቀስ በቀስ ሄደ፤ የእጅ ወሬው ግን ቤታችን ገባ። እኔና ወንድሜ ከፊደል በፊት የተማርነው እሱን ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሰው መሀል ሆና በእጇ ትቆጣን ነበር፤ አጠገቧ የቆሙት ሴቶች ዝንብ የምታባርር ነበር የሚመስላቸው። የአባታችንን ኮቴ በመስኮት አሻግራ ስታይ ሁለት ጣቷ ትከሻዋ ላይ ያርፋል፤ እኛም የማናነበውን ደብተር እንገልጣለን። አባቴ እስኪሞት ድረስ ልጆቼ ጎበዝ አንባቢዎች ናቸው እያለ ሲኮራብን ኖረ።

ፋብሪካው ብዙ ዓመት የርግብ መኖሪያ ሆኖ ከቆየ በኋላ አንድ ድርጅት ተከራየው። ዘመናዊ የጋራ የሥራ ቦታ ሊያደርጉት ነው ተባለ፤ ላፕቶፕ ያለው ሰው ወንበር የሚከራይበት ቤት ማለት ነው። ያኔ እኔ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ድርጅቱ ፈቃድና ደብዳቤ የሚያስጨርስ ሰው እንደሚፈልግ ሰምቼ ተወዳደርኩና ገባሁ። ለእናቴ ነገርኳት። በሁለተኛው ቀን ጫማዬን ሳጠልቅ መጥታ ፊቴ ቆመችና «እንግዲህ ገብተሽ ማሽኔን እይልኝ» አለች።

አየሁላት። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የርግብ ኩስና የጣሪያ ፍሳሽ እየረገጥኩ በማሽኖቹ መሀል ስዞር የእናቴን ማሽን፣ ሠላሳ አራት ቁጥርን አገኘሁት። ቁጥሩ ባይኖርም አውቀው ነበር። ጠዋት ጠዋት ብረቱ እጄን ይበላኛል እያለች የነጠላ ጥለት ቀድዳ እጀታው ላይ መጠምጠሟን ስታወራ ነው ያደግሁት፤ ጥለቱ ጠቁሮ እንደተጠመጠመ አለ። ብርድ ልብሱም አለ። ከግማሹ በላይ ተሸምኖ፣ የቀረው ድር እንደተወጠረ፣ አቧራ ጠጥቶ። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ፤ የሚያየኝ ሰው ስላልነበረ ደህና አድርጌ አለቀስኩ። ከዚያ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ማታ እራት ላይ ሳሳያት ስልኩን ዓይኗ ላይ ለጥፋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ድሩ አለመበጠሱን ሁለት ጊዜ አስረገጠችኝ። ቀጥላ ያለችው ልመና አልነበረም፤ ሥራ ስትከፋፍል በምትናገርበት ድምፅ ነው የተናገረችው። «ከግራዬ ያለችው የለችም። አንቺ ትቆርጪልኛለሽ።»

እቆርጥልሻለሁ አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ማሽኖቹ ግን በኪሎ ተሸጡ። ብረት ገዢዎች መጥተው በመዶሻ እየሰባበሩ መኪና ላይ መጫን ሲጀምሩ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሮጥኩ። በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ትሑት፣ ሰውን ሁሉ በፈገግታ የሚያናግር ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። አንዷ እንኳ ትቅር አልኩት። ለምን አለኝ። የእናቴ ናት አልኩት። ዓይኑ በራ። ሽያጩን ወዲያው አስቆመና ሠላሳ አራትን አስመለሳት። ይሄ እኮ ትልቅ ስቶሪ ነው፣ እስከ ዛሬ እንዴት አልነገርሽንም አለኝ። እኔም ጅል፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። የእናቴ ማሽን መግቢያው አዳራሽ መሀል፣ መብራት ተተክሎላት እንደምትቆም ሰማሁና እንደ ሠርግ ቤት ዘመድ ሽር ጉድ ማለት ጀመርኩ።

የእድሳቱን ነገር ካነሳሁ አንዱን ሳልናገር አላልፍም። የአዳራሹ ግድግዳ የሃምሳ ዓመት ጥላሸትና ዘይት የጠጣ ነበር። በሸማኔዎቹ ትከሻ ቁመት ልክ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሎ የሚበሉበት ቦታ ላይ፣ ወዝ የሠራው ረጅም ጥቁር መስመር ነበር። የቀን ሠራተኞች ሁለት ሳምንት ሙሉ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉት፤ ነጣ። ከዚያ አንዲት የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ መጣችና ግድግዳው ነፍስ የለውም፣ ፋብሪካ መምሰል አለበት አለች። ሠዓሊ ተቀጠረ። ሠዓሊው በስፖንጅና በሦስት ዓይነት ጥቁር ቀለም ጥላሸት ሣለበት። የሠዓሊውን የቅጥር ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «የጥላሸት ቅብ ሥራ» ብዬ። ቢሮው ውስጥ ያሳቀው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልሳቅሁም፤ ፈርሜ ላክሁ።

ሽመና ክፍሉ ጠረጴዛና አረንጓዴ ተክል ሞላበት። ጥጥ የሚበጠርበት ክፍል የጸጥታ ክፍል ሆነ፤ በሩ ላይ አፏን በጣት የያዘች ልጅ ሥዕል ተለጠፈ። በፋብሪካው ዘመን ብናኙ ሰው የማያሳይ የነበረበት ክፍል ነው፤ እናቴ እዚያ የሠራች ሁሉ ሳል ይዟት ትሞታለች ትል ነበር።

የምረቃው ቀን ሲቃረብ ሥራ አስኪያጁን ጥግ አስይዤ ስለ ወጉ ነገርኩት። ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ወይም በኋላ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ እናቴ ትመጣለች፣ ከብርድ ልብሱ ጫፍ አራት ጣት ቆርጬ አስርላታለሁ አልኩት። ስልኩን እየነካካ «ችግር የለም፣ ችግር የለም» አለኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ፣ ሁለት ጊዜ የተደጋገመ ችግር የለም ምን ያህል እንደሚያስተማምን አላውቅም ልል አልችልም። አውቃለሁ። አጥብቄ ብጠይቀው እምቢ እንዳይለኝ ፈርቼ ነው የተውኩት። ይልቅ እሱ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ እማማ የድሮውን ሰማያዊ ጋዋን ለብሰው ቢመጡ አለኝ። እኔም ችግር የለም አልኩት።

ችግር ነበር። ሴት በሚቆረጥላት ቀን ጋዋኗን አውልቃ የክት ልብሷን ነው የምትለብሰው፤ መሰናበቷ በዚያ ነው የሚታወቀው። እናቴ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነውን ቀሚሷን ከሳምንት በፊት አጥባ ሰቅላዋለች። ጋዋኑን ስላት ፊቷን አጠቆረችብኝ። ለፎቶ ነው፣ ለአንድ አፍታ ነው፣ አለቃዬ ነው የለመነኝ እያልኩ ወተወትኳት። በመጨረሻ «ለእንጀራሽ ከሆነ» አለችና ከቀሚሷ ላይ ደረበችው። መቀሷን ከቆርቆሮ ሣጥን አውጥታ በዘይት ወልውላ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተች። ያን ቀን ጠዋት ሁለት ቁልፍ ቆልፋ ሦስተኛው እምቢ ሲላት አይቼ ሄጄ ቆለፍኩላት።

በእግራችን ሄድን። ከኮንዶሚኒየማችን እስከ ፋብሪካው ሩቅ አይደለም፤ እሷ ግን በልደታ ማርያም በኩል ካልዞርን አለች። ደጁን ስማ፣ ለጧፍ ሻጯ ዛሬ እኮ ሊቆረጥልኝ ነው ብላ ነገረቻት። የማትሰማ ሰው ናትና እሷ ቀስ ብዬ ተናገርኩ ስትል መንገዱ በሙሉ ይሰማል። ጧፍ ሻጯ ነገሩ ባይገባትም እንኳን ደስ ያለዎት አለቻት። ግቢው ስንደርስ እናቴ እግሯ በለመደው ወደ ሠራተኞቹ በር ሄደች፤ አሁን የአደጋ ጊዜ መውጫ ነው። የጥበቃው ሰው በዚህ በኩል እማማ ብሎ መለሳት፤ የእኔን መታወቂያ አይቶ አሳለፈን።

አዳራሹ ውስጥ ገባን። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ጣሪያውን ነው። እንደ መጋዝ ጥርስ የሚወጣ የሚወርደው ጣሪያ አልተነካም፤ መስታወቱ ብቻ ታጥቦ ብርሃን ያወርዳል። «እንዲህ የሚያበራ ነገር ነበር እንዴ ያለን?» አለች፤ ደስ ብሏታል፤ ድምፅዋ ከዳር ዳር ተሰማ። ቀድመው ቦታ የያዙ ወጣቶች የጆሮ ማዳመጫቸውን ነቅለው ቀና አሉ። አንዷ ፈገግ ብላ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። እናቴ ይሄ ምልክት በሸማኔዎቹ ዘንድ ስላልነበረ ሰላምታ መስሏት ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻት።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ እጇን ሳመ፤ በክብር ነው የተቀበላት። ማሽኗ ጋ አደረሳት። በማሽኗ ዙሪያ ወፍራም ነጭ ገመድ ተዘርግቷል፤ እባክዎ አይንኩ የሚል ሰሌዳ ቆሟል። እናቴ ሰሌዳውን አላነበበችም፤ ገመዱን ከፍ አድርጋ በሥሩ ገባች። እጀታው ላይ ያለውን ጥለቷን ዳሰሰችው። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። መወርወሪያውን ገልብጠው ነበር ያስቀመጡት፤ ማጉ ደግሞ ከየትም የመጣ ቢጫ ክር ነው። ማን ዕውር ነው የሠራው አለች። መወርወሪያውን አንስታ በትክክሉ አስቀመጠች። ካሜራ የያዘው ልጅ ተከትሎ ይቀርጻታል። ሥራ አስኪያጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ድምፅ እየቀረጽን ነው፣ እማማን ትንሽ ዝቅ አድርገው እንዲያወሩ ንገሪያቸው አለኝ። ጆሮዋን እዚሁ ነው ጥላው የወጣችው ልለው ፈለግሁ። እሺ አልኩት። ለእሷም አልነገርኳት።

የምረቃ እንግዳ በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀን መጣ። ያሰብኳት አምስት ደቂቃ እንዲያው በነነች። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። መግቢያው ላይ ቀይ ሪባን ተዘርግቶ ለክብር እንግዳው ወርቅማ መቀስ በትሪ ቀረበላቸውና ቆረጡ። እናቴ ከማሽኗ አጠገብ ሆና ይሄንን ሁሉ በጽሞና ተከታተለች። ንግግሩን አልሰማችም፤ መቀሱን ግን አይታለች። እነሱም ወግ አላቸው ብላ ሳትደሰት አልቀረችም። ሪባኑ ሲወድቅ ወደ እኔ ዞራ የራሷን መቀስ ከኪሷ አወጣች።

ሥራ አስኪያጁን በዓይኔ ፈለግሁት። እሱም አይቷታል። መጥቶ ክንዴን ያዘና፣ ለእንግዶቹ ፈገግ እያለ፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ወሰደኝ። ብርድ ልብሱ አይነካም፣ የዲዛይን ባለሙያዋ መድኃኒት ቀብታዋለች፣ አሁን ቅርስ ነው አለኝ። ችግር የለም ብለኸኝ ነበር አልኩት። ለፎቶ መስሎኝ ነው አለ። መቀሱን አስጠግታችሁ ቁሙ፣ እናነሳችኋለን፣ ግን አትቁረጡ አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የጨነቀው ሰው ነበር፤ ከኋላው የክብር እንግዳው ወደ እኛ እየመጡ ነው።

እናቴ ከማሽኑ አጠገብ ብቻዋን ቆማለች። መቀሱን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። «ምን ይላል?» አለች። «ነይ ቁረጪልኝ እንጂ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። አንዳንዱ ፈገግ አለ፤ አንዳንዱ ስልኩን አወጣ። እናቴ ግራ ገብቷት ሌላውን እጇን ወደ ብርድ ልብሱ ጫፍ ሰደደች፤ ልታሳየኝ ነው፣ ከየት እንደሚቆረጥ። ሥራ አስኪያጁ ክንዴን ጠበቅ አደረገው። ብጣራ አትሰማኝም፤ ብሮጥ ሰው እያየ መቀስ ልነጥቃት ነው። አፈርኩ። በማን እንዳፈርኩ ዛሬ ድረስ ለራሴ ለመናገር ይከብደኛል፤ እንግዲህ እዚህ ልናገረው። በእናቴ ነው ያፈርኩት። በድምፅዋ፣ በጋዋኗ፣ በዘይት በወለወለችው መቀስ። እጄ ተነሳና ሁለት ጣቴ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

እናቴ አየችኝ። መቀሱ ኪሷ ገባ። እጇ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሳ። ወገቧን አቀናች፣ ወደ ማሽኗ ዞረች፣ ዓይኗን ድሩ ላይ ተከለች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ማሽኑ አይሠራም፣ ካቦ የለም፣ ፋብሪካ የለም። እሷ ግን የተበጠሰ ክር እንደምትፈልግ ሆና፣ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። የክብር እንግዳው በአጠገቧ አለፉ፤ የካሜራው ልጅ ያን ጊዜ ነው ያነሳት።

ስንመለስ በልደታ ማርያም በኩል አልዞርንም። መንገዱን የመረጠችው እሷ ናት፤ በባቡሩ ድልድይ ሥር በአቋራጩ። ጋዋኑን አውልቃ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋዋለች። ነገ ጠዋት ማንም ሳይገባ ቀድሜ እከፍታለሁ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ እወስድሽና እቆርጥልሻለሁ አልኳት፤ ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ ከንፈሬን እንድታነብ ቃል በቃል። አየችኝና መንገዷን ቀጠለች። ደረጃችን ላይ ስንደርስ ነው የቆመችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ እንዲህ ዝቅ ማድረግ እንደምትችል አላውቅም ነበር።

«ማን ነበር የመጣው?»

የቤታችንን ቁልፍ ከቦርሳዬ መፈለግ ያዝኩ።

«ወጉን አፍርሼ ዞሬ አየሁ» አለች። «ካቦ አልነበረም። አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ደረጃውን ወጣች። በማግስቱ መቀሷን ቦርሳዬ ላይ አስቀምጣው አገኘሁ፤ ለቢሮሽ ይሆንሻል አለችኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ በእጅ አናግራኝ አታውቅም። እጄን ሳነሳ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች፤ የምፈልገውን በአፌ፣ ጮኼ፣ ጎረቤት እየሰማ እነግራታለሁ። ወንድሜ ሲመጣ ግን ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን በእጅ ሲጨዋወቱ አያለሁ፤ ደስ ብሏት እንደ ድሮው ሰው ታማለች። እኔ ስገባ እጇን ታጣጥፋለች።

ሥራዬን አልለቀቅሁም። ለምን እንዳልለቀቅሁ ሰው ቢጠይቀኝ የቤት ኪራይ፣ የኑሮ ውድነት እላለሁ፤ እውነትም ነው። ጠዋት ጠዋት በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱ እንደተወጠረ አለ። ከማሽኑ በላይ የእናቴ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል፤ ወገቧን አቅንታ፣ ዓይኗ ድሩ ላይ። «የትናንት ትጋት፣ የነገ ሐሳብ» የሚል ተጽፎበታል። እንግዳ ሲመጣ እዚያ ፎቶ ሥር ቆሞ ይነሳል። እንዴት ያለች ብርቱ ሴት ናት ይሉኛል፤ አዎ እላለሁ።

ባለፈው ሰሞን አዲስ ጎረቤት ከላይኛው ፎቅ መጥታ ሻይ ስትጠጣ እናቴን የት ይሠሩ እንደነበር ጠየቀቻት። ሌላዋ ጎረቤታችን፣ የድሮዋ፣ አጠገባቸው ነበረች። ጡረታ የወጡት መቼ ነው ብላ አዲሷ ስትቀጥል፣ የድሮዋ የለመደችውን መልስ ጠብቃ ለመሳቅ አስቀድማ አፏን ከፍታ ነበር። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። እናቴ ስኳሩን ወደ እንግዳዋ ገፋ አደረገችላት።

«በቅርቡ ነው የወጣሁት» አለች። «ልጄ ናት ያስወጣችኝ።»